የኒያቢንጊ ዝማሬና ከበሮ በሻሸመኔ

የኒያቢንጊ ዝማሬ በሰው ድምፅና በከበሮ ምት የሚከናወን የራስ ተፈሪያውያን የአምልኮ ሙዚቃ ነው። የተወለደው በካሪቢያን ባሕር ውስጥ በምትገኘው በጃማይካ ደሴት ነው። በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በኦሮሚያ ክልል፣ በምዕራብ አርሲ ዞን፣ በሻሸመኔ ከተማ «ጃማይካ ሰፈር» በሚባለው አካባቢ ነው። በሥርዓቱ ጊታር፣ ኦርጋን ወይም ሌላ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አይገባም። ዜማውን የሚሸከመው የሰው ድምፅ ነው። ምቱን ደግሞ ሦስት ዓይነት ከበሮዎች ተከፋፍለው ይይዙታል።

ይህ ሙዚቃ በዓለም ዙሪያ ለሚታወቀው ለሬጌ መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን ሌላም የተለየ ነገር አለው። መዝሙሮቹ ስለ ኢትዮጵያ የተዘመሩት ከዘማሪዎቹ አብዛኞቹ አገሪቱን አይተው በማያውቁበት ዘመን ነው። በኋላ ጥቂቶቹ ከበሮአቸውን ይዘው መጥተው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሰፈሩ። ስለ ኢትዮጵያ የተዘመረው መዝሙር በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሲዘመር ምን እንደሆነ የሚታየው በሻሸመኔ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙ አመጣጥ

«ኒያቢንጊ» የሚለው ቃል የመጣው ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። በዛሬዎቹ የኡጋንዳና የሩዋንዳ አዋሳኝ አካባቢዎች ኒያቢንጊ የምትባል መንፈስ ትከበር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በዚህች መንፈስ ስም የሚናገሩ መሪዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ የቅኝ አገዛዝን ተቃውመው ሕዝብ አስነሥተዋል። ከእነርሱ መካከል እጅግ የታወቀችው ሙሁሙሳ ስትሆን እንግሊዞች በ1911 ማርከዋታል።

ስሙ ወደ ጃማይካ የተሻገረው በጋዜጣ በኩል ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 አንድ የጃማይካ ጋዜጣ፣ ኒያቢንጊ የሚባል ምሥጢራዊ የጥቁሮች ማኅበር እንዳለና መሪውም ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ እንደሆኑ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የአውሮፓን አንባቢ በኢትዮጵያ ላይ ለማስፈራራት የታለመ የጦርነት ቅስቀሳ ነበር። በጃማይካ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ራስ ተፈሪያውያን ስሙን በደስታ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ሦስት ነገሮችን ይጠራ ጀመር፦ የእንቅስቃሴውን ነባር ክፍል፣ ለቀናት የሚቆየውን የአምልኮ ጉባኤ እና በጉባኤው ላይ የሚሰማውን ሙዚቃ።

በጃማይካ የነበረው አጀማመር

በባርነት ዘመን የካሪቢያን ቅኝ ገዢዎች ከበሮን ይፈሩ ነበር። ከበሮ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው መልእክት ያስተላልፋል፤ ሕዝብም ያሰባስባል። በዚህ የተነሣ በጃማይካ ባሮች ከበሮ እንዳይመቱ የሚከለክሉ ሕጎች ወጥተው ነበር። ቢሆንም ከአፍሪካ የመጡ የምት ልማዶች ጨርሰው አልጠፉም። ከእነዚህ ውስጥ ለኒያቢንጊ ቅርብ የሆኑት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቡሩ የሚባለው የሦስት ከበሮ አመታት ነው። ሁለተኛው ኩሚና ሲሆን ከባርነት መቅረት በኋላ ከመካከለኛው አፍሪካ ለጉልበት ሥራ ከመጡ ሰዎች ጋር የሚያያዝ ሥርዓት ነው።

ራስ ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ተብለው በነገሡ ጊዜ ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተሰራጨ። በጃማይካ እነ ሌናርድ ሃዌል የጥቁር ንጉሥ ንግሥና ትንቢት ነው ብለው መስበክ ጀመሩ። ሃዌል በ1934 በአመፅ ቅስቀሳ ተከሶ ታሰረ። በ1940 የመሠረተው «ፒናክል» የተባለው መንደርም በፖሊስ በተደጋጋሚ ተወረረ፤ በ1954 ደግሞ ፈረሰ። ከዚያ የተበተኑት አማኞች ብዙዎቹ ወደ ኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ገቡ።

በእነዚህ ሰፈሮች ሁለት የተገፉ ወገኖች ተገናኙ። የቡሩ ከበሮ መቺዎች ምት ነበራቸው፤ ነገር ግን የሚያስተሳስራቸው እምነት አልነበራቸውም። ራስ ተፈሪያውያን እምነትና መዝሙር ነበራቸው፤ ነገር ግን የራሳቸው የሆነ ከበሮ አልነበራቸውም። ይህን ግንኙነት ወደ አንድ የሙዚቃ ዓይነት በማድረስ ስሙ የሚነሣው ካውንት ኦሲ ነው። የልደት ስሙ ኦስዋልድ ዊልያምስ ሲሆን ከ1926 እስከ 1976 ኖሯል። አመታቱን ከቡሩ ባለሙያ ተምሮ፣ በኪንግስተን ምሥራቅ ባለው የዋሬይካ ኮረብታ አካባቢ ከበሮ መቺዎችንና ዘማሪዎችን አሰባሰበ። ትሮምቦኒስቶቹን ዶን ድራመንድንና ሪኮ ሮድሪጌዝን የመሰሉ የጃዝ ሙዚቀኞችም ወደዚያ እየሄዱ ከከበሮው ጋር ይጫወቱ ነበር።

ሦስቱ ከበሮዎች

ቤዝ። ከሁሉም ትልቁና ድምፁ ወፍራሙ ነው። ሁለት ፊት ያለው ሲሆን፣ የሚመታው ጫፉ በጨርቅ ወይም በሌላ ለስላሳ ነገር በተጠቀለለ ዱላ ነው። በአማኞች ዘንድ ድምፁ በነጐድጓድ ይመሰላል። ቤዝ ብዙ አይመታም፤ ሲመታ ግን የዝማሬው መሬት ይሆናል።

ፈንዴ። መካከለኛ ቁመት ያለው፣ አንድ ፊት ብቻ የተወጠረ ከበሮ ሲሆን በእጅ ይመታል። ሥራው ሳይለዋወጥ መቀጠል ነው። ሁለት ተከታታይ ምቶች ይመታና ያርፋል፤ ደግሞ ሁለት መትቶ ያርፋል። ይህ የልብ ትርታ ይባላል። በአንድ ጉባኤ ላይ ብዙ ፈንዴዎች በአንድነት ሊመቱ ይችላሉ።

ሪፒተር። «ኬቴ» ተብሎም ይጠራል። ከሁሉም ትንሹና ድምፁ ቀጭኑ ነው። በጣቶችና በመዳፍ ይመታል። ከሦስቱ ውስጥ እንደ ልብ የመፍጠር ነፃነት ያለው ይህ ብቻ ነው። ዘማሪው ሲናገር ዝም ይላል፣ ዘማሪው ሲያርፍ ይመልሳል፣ አንዳንዴም ከምቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ በመግባት ስሜቱን ያነሣል።

ከእነዚህ ጋር በውስጡ ፍሬ ያለበት ቅልና ታምቡሪን ይጨመራሉ። ከበሮዎቹ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይቀባሉ፤ በላያቸውም የአንበሳ ወይም የኮከብ ሥዕል ይሳልባቸዋል።

አመታቱን ለመረዳት እስከ አራት መቁጠር ይበቃል። በ«አንድ» ላይ ቤዝ በሙሉ ድምፁ ይመታል። በ«ሦስት» ላይ ደግሞ ቆዳው ታፍኖ ዝግ ያለ ድምፅ ያሰማል። ፈንዴ የልብ ትርታውን በዚህ ላይ ይደረድራል። ሪፒተር በክፍተቶቹ ውስጥ ይሽከረከራል። ፍጥነቱ ዝግ ያለ ነው፤ አንድ መዝሙር ሃያ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሲቆይ እንኳ ምቱ አይጣደፍም። ጀማሪ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰለፈው በፈንዴ ላይ ነው። ፈንዴን ሳይሰለች ለረጅም ሰዓት መምታት የቻለ ሰው ነው ወደ ሪፒተር የሚሸጋገረው።

ድምፁ

ዝማሬው በመሪና በተቀባዮች መካከል የሚደረግ ነው። አንድ ሰው አዝማቹን ያነሣል፤ ጉባኤው ይቀበላል። በአገራችን አዝማችና ተቀባይ ያለበትን መዝሙር ወይም ዘፈን የሚያውቅ ሰው አካሄዱን ወዲያው ይለየዋል። መሪው ስንኝ ሊለውጥ፣ ሊደግም ወይም የሰሞኑን ጉዳይ ሊያስገባ ይችላል። ተቀባዮቹ ግን በያዙት ይጸናሉ። ብዙዎቹ ዜማዎች በጃማይካ የፕሮቴስታንትና የ«ሪቫይቫል» አብያተ ክርስቲያናት ይዘመሩ ከነበሩ መዝሙሮች የተወሰዱ ሲሆኑ ቃላቸው ተለውጧል። «ሰማይ» የነበረው «ጽዮን» ወይም «ኢትዮጵያ» ሆኗል፤ ጨቋኙ ሥርዓት ደግሞ «ባቢሎን» ተብሏል።

በመዝሙሮቹ መካከል ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ በተለይም ከመዝሙረ ዳዊት፣ ይነበባል። በጸሎቱ ውስጥ ልዩ ቦታ ያለው ኢትዮጵያን የሚጠቅሰው የመዝሙር 68 ቁጥር 31 ነው። ከእንግሊዝኛው ጋር የአማርኛ ቃላት ይገባሉ። «ራስ ተፈሪ» የሚለው የእንቅስቃሴው ስም ራሱ አማርኛ ነው። «ንጉሠ ነገሥት»፣ «ጃንሆይ»፣ «ሰላም» የሚሉትም ይሰማሉ። የአማርኛ ፍቅሩ ወደ ሬጌም ተሻግሯል። «አቢሲኒያንስ» የተባለው የጃማይካ ቡድን በ1969 የቀረጸው «ሳታ ማሳጋና» የተሰኘው ዘፈን ስሙን ያገኘው «ሰጠ» እና «አመሰገነ» ከሚሉት የአማርኛ ቃላት ነው። ዘማሪዎቹ ቋንቋውን ከመጻሕፍት ለመማር ይጥሩ ስለ ነበር፣ አነጋገሩ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ቢሆንም ቃሉ ይታወቃል።

ትያትራዊ ገጽታው

የኒያቢንጊ ጉባኤ መድረክና ተመልካች የለውም። የመጣ ሁሉ ይዘምራል፣ ያጨበጭባል ወይም ይወዛወዛል። ሆኖም እያንዳንዱ ሰው የሚይዘው ቦታና የሚለብሰው ልብስ የታወቀ በመሆኑ ሥርዓቱ የትያትር መልክ አለው። የአምልኮው ቤት ብዙውን ጊዜ ክብ ሲሆን በመካከሉ መሠዊያ ይቆማል። ከበሮ መቺዎቹ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ወንዶች የተጎነጎነ ጸጉራቸውን ገልጠው፣ ሴቶች ራሳቸውን ተከናንበው ይገባሉ። በግቢው ውስጥ ጉባኤው እስኪያልቅ የማይጠፋ እሳት ይነዳል። በነባሩ ልማድ ከበሮ የሚመቱት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶች በዝማሬው፣ በቅሉና በታምቡሪኑ ይሳተፋሉ። ጉባኤው ማታ ተጀምሮ እስከ ንጋት ሊቆይ፣ ለተከታታይ ሰባት ሌሊቶችም ሊቀጥል ይችላል።

ይህን ሥርዓት ወደ መድረክና ወደ ሸክላ ያወጡት የጃማይካ ከያንያን ናቸው። ካውንት ኦሲና «ሚስቲክ ሪቨሌሽን ኦፍ ራስታፋራይ» የተባለው ቡድኑ በ1973 ያወጡት «ግራውኔሽን» የተሰኘ የሦስት ሸክላ አልበም ከበሮን፣ መዝሙርን፣ ግጥምን፣ ንባብንና የሳክስፎን ጨዋታን አንድ ላይ አድርጎ የአንድ ሙሉ ጉባኤን መልክ ለአድማጭ ያቀርባል። በ1962 የተመሠረተው የጃማይካ ብሔራዊ የውዝዋዜ ትያትር ቡድንም፣ በሬክስ ኔትልፎርድ ቅንብር፣ የራስ ተፈሪያውያንን ሕይወት ወደ መድረክ አምጥቷል።

ከኪንግስተን ወደ ሻሸመኔ

ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የመንገዶች መገናኛ ከተማ ናት። ከአዳማ የሚነሣ መንገደኛ ወደ ሞጆ ተመልሶ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) በኩል የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን እየታከከ ይደርስባታል። ከዚያም አንዱ መንገድ ወደ ሐዋሳ፣ ሌላው ወደ ባሌ፣ ሦስተኛው ወደ ወላይታ ይሄዳል።

መሬቱ የተሰጠው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1937 ዶክተር መላኩ በያን በኒው ዮርክ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በወረራው ዘመን በአሜሪካና በካሪቢያን የሚኖሩ ጥቁሮችን ለኢትዮጵያ ድጋፍ አስተባብሮ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለዚህ ውለታ በ1948 በሻሸመኔ አጠገብ 5 ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት፣ ወደ አፍሪካ መመለስ ለሚፈልጉ ጥቁር ሕዝቦች መስፈሪያ ፈቀዱ። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ከሞንትሰራት ደሴት የመጡት ሄለንና ጄምስ ፓይፐር ይገኙበታል። በ1960ዎቹ ራስ ተፈሪያውያን መምጣት ጀመሩ። ከእነርሱ አንዱ ኖኤል ዳየር ከእንግሊዝ ተነሥቶ፣ ሰሜን አፍሪካን በአብዛኛው በእግሩ አቋርጦ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተጉዞ እንደ ደረሰ ይነገራል።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. (21 አፕሪል 1966) ጃማይካን በጐበኙ ጊዜ በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ እጅግ ብዙ ሕዝብ በከበሮና በዝማሬ ተቀበላቸው። ሕዝቡ አውሮፕላኑን ስለ ከበበው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱት የራስ ተፈሪያውያኑ ሽማግሌ ሞርቲሞ ፕላኖ መንገድ ካስከፈተ በኋላ ነበር። ከጉብኝቱ ወዲህ ወደ ሻሸመኔ የሚመጣው ሰው ቁጥር ጨመረ።

ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተለወጠ። በ1974 ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የመንግሥት ሲያደርግ የሰፋሪዎቹም ይዞታ ተወረሰ፤ ከዚያ በኋላ የቀራቸው በጣም ጥቂት ነበር። አንዳንዶች ለቀው ሄዱ፤ ሌሎች ቀሩ። ቦብ ማርሊ በ1978 ሻሸመኔን የጐበኘው በዚህ አስቸጋሪ ወቅት ነበር። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ አዲስ ሰፋሪዎች መጡ። የንጉሠ ነገሥቱ ልደት መቶኛ ዓመት በተከበረበት በ1992ም ከብዙ አገሮች ራስ ተፈሪያውያን በሻሸመኔ ተሰበሰቡ።

በሻሸመኔ የሚዘመርባቸው ቀናት

ዋናዎቹ በዓላት ሐምሌ 16 የሚከበረው የንጉሠ ነገሥቱ ልደትና ጥቅምት 23 የሚከበረው የዘውድ በዓል ናቸው። የሚያዝያው የጃማይካ ጉብኝት፣ የኢትዮጵያ አዲስ ዓመትና ገናም ይከበራሉ። በእነዚህ ቀናት በኒያቢንጊው የአምልኮ ቤት ከበሮ ይሰማል፤ እንግዶችም ይመጣሉ።

በጃማይካ ሰፈር ያሉት ራስ ተፈሪያውያን ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ሙዚቃ አይከተሉም። «አሥራ ሁለቱ የእስራኤል ነገዶች» የተባለው በ1968 በኪንግስተን የተመሠረተ ክፍል በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚጫወት የሬጌ ባንድን ይቀበላል። የኒያቢንጊ ሥርዓት ተከታዮች ደግሞ በአምልኮ ቦታ ከከበሮና ከድምፅ ውጭ አይፈቅዱም። ስለዚህ በአንድ በዓል ሰሞን በሰፈሩ ውስጥ ከአንድ በኩል የድምፅ ማጉያ፣ ከሌላ በኩል የቤዝ ከበሮ ሊሰማ ይችላል።

ከኢትዮጵያ የድምፅና የምት ባህል ጎን ሲታይ

ኢትዮጵያ ከዚህ ሙዚቃ በፊትም በድምፅና በምት የተሠራ የራሷ ጥልቅ ባህል ነበራት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በአቋቋም ሥርዓት ዜማውን የሚያጅቡት በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ሰፊና ጠባብ ሁለት ፊት ስላለው፣ አንድ መቺ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ በሁለት እጁ ያወጣል። ኒያቢንጊ ይህንኑ ሥራ ለሦስት ሰዎች ያከፋፍለዋል። የፍጥነት አያያዛቸውም ይለያያል። አቋቋም በዝግታ ተነሥቶ በመረግድና በጽፋት እየፈጠነ ይሄዳል፤ ኒያቢንጊ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ እርምጃ ይጓዛል። መመሳሰላቸው የዝምድና ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ የኒያቢንጊ ምት ሥሩ በባርነትና በጉልበት ሥራ ወደ ጃማይካ ከተወሰዱት የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቦች ልማድ ነው።

የሻሸመኔ ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የአርሲ ኦሮሞዎችም የድምፅን ኃይል ያውቃሉ። በአርሲ ሴቶች ዘንድ አቴቴ የሚባል በኅብረት የሚዜም ሥርዓት አለ። ሴቶቹ የክብራቸው ምልክት የሆነውን ሲንቄ በትር ይዘው ወጥተው ለዝናብ፣ ለወላድ ወይም ለዕርቅ ያዜማሉ። አንዲት ሴት በደል ሲደርስባት በዳዩ ቤት ድረስ ሄደው በዜማ ይከሱታል፤ እርሱም ካሳ ከፍሎ ይታረቃል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዜማው ፍትሕ ማግኛ ነው። ለኒያቢንጊ ዘማሪዎችም እንዲሁ ዝማሬው በደልን በአደባባይ የመናገሪያ መንገድ ሆኖ ነው የተነሣው። ሁለቱ ባህሎች በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ቤተ ክርስቲያኒቱና ራስ ተፈሪያውያን የተገናኙበት ሌላም መንገድ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1970 በጃማይካ አገልግሎት ጀመረች፤ ሥራውንም የመሩት በኋላ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። ቦብ ማርሊ በ1980 በዚህች ቤተ ክርስቲያን «ብርሃነ ሥላሴ» ተብሎ ተጠመቀ። ይሁን እንጂ የንጉሠ ነገሥቱን አምላክነት በተመለከተ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከራስ ተፈሪያውያን እምነት ጋር አትስማማም።

በሬጌ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ

የኒያቢንጊ ከበሮ ወደ ንግድ ሙዚቃ ለመግባት ረጅም ጊዜ አልወሰደበትም። በ1960 አካባቢ ፕሪንስ ባስተር ያሳተመው የፎክስ ወንድማማቾች «ኦ ካሮላይና» የተሰኘ ዘፈን በካውንት ኦሲ ከበሮዎች የታጀበ ነው። በዚያን ጊዜ ራስ ተፈሪያውያን በከተማው ኅብረተሰብ ዘንድ የተናቁ ስለ ነበሩ ከበሮአቸው በሬዲዮ መሰማቱ ራሱ ለውጥ ነበር። በ1973 የወጣው የዌለርስ «በርኒን» አልበም የኒያቢንጊ አመታትን የተከተለ «ራስታማን ቻንት» የተባለ መዝሙር ይዟል። ራስ ማይክልና «ሳንስ ኦፍ ኒገስ» የተባለው ቡድኑም በዚሁ ስልት ይታወቃሉ። የጃማይካ ሬጌ በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ከሥሮቹ አንዱ ይህ ከበሮ ነበር።

ዛሬ ያለበት ሁኔታ

በሻሸመኔ የሚኖሩት ራስ ተፈሪያውያን በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ልጆቻቸው ብዙዎቹ የተወለዱት በኢትዮጵያ ነው። በቤት የወላጆቻቸውን እንግሊዝኛ፣ በሰፈር ደግሞ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየሰሙ ያድጋሉ። ማኅበረሰቡ ያቋቋመው ትምህርት ቤት የአካባቢውንም ልጆች ያስተምራል።

ትልቁ ጥያቄ ሕጋዊ መኖሪያ ሆኖ ቆይቷል። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ሰው በትውልድ ዜግነት የሚያገኘው ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ ሲሆን ነው። በአገሪቱ ምድር መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም። ስለዚህ ከሁለት የውጭ አገር ወላጆች በሻሸመኔ የተወለደ ሰው፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚዘምር መዝሙር እየሰማ ቢያድግም፣ በሕግ ፊት የውጭ አገር ሰው ሆኖ ይቀር ነበር። በ2017 የኢትዮጵያ መንግሥት ለራስ ተፈሪያውያን መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። መታወቂያው ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ለመኖር ያስችላል፤ የመምረጥ መብትን ግን አይሰጥም። በዚያው ዓመት የጃማይካ መንግሥት በ1963 በ«ኮራል ጋርደንስ» በራስ ተፈሪያውያን ላይ ስለ ተፈጸመው ግፍ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ከጎረቤቶች ጋር ያለው ግንኙነትም ሁልጊዜ ቀላል አልነበረም። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በመጀመሪያው የመሬት ስጦታ ክልል ላይ ብዙ ሌሎች ቤቶች ተሠርተዋል። ራስ ተፈሪያውያን እንደ ሃይማኖታዊ ነገር የሚቆጥሩት ካናቢስም በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ በመሆኑ የግጭት ምክንያት ሆኖ ያውቃል። በሌላ በኩል በገበያ፣ በሥራና በጋብቻ የተሳሰሩ ቤተሰቦች አሉ።

ለዝማሬው የቀረበው ፈተና ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መዝሙሮቹ በአመዛኙ የሚናገሩት በስደት ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ስለ መመለስ ነው። በኢትዮጵያ ለተወለደ ወጣት መመለሱ የወላጆቹ ታሪክ ነው፤ የእርሱ ጥያቄ ሥራ፣ ትምህርትና መታወቂያ ነው። ከበሮው ግን ሳይለወጥ ሊቀጥል ይችላል። መሪው አዲስ ስንኝ የማስገባት ነፃነት ስላለው፣ ያው የልብ ትርታ በአዲስ ቃልና በአዲስ ቋንቋ ሊታጀብ ይችላል።

ለአድማጭ

ይህን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ሊታየው ይችላል። ለመለየት በቅደም ተከተል ማዳመጥ ይረዳል። መጀመሪያ የቤዙን ክፍት ምት መፈለግና «አንድ» ብሎ መቁጠር ነው። ቀጥሎ የታፈነውን ምት በ«ሦስት» ላይ መጠበቅ። ከዚያ የፈንዴውን ጥንድ ምት መከተል። እነዚህ ከተያዙ በኋላ ሪፒተሩ መቼ ዝም እንደሚልና መቼ እንደሚመልስ መስማት ቀላል ይሆናል። ያኔ ሪፒተሩ ከዘማሪው ጋር እየተነጋገረ መሆኑ ይታወቃል።